ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ድራይቨሩን አውጡ

አዲ አርቃይ ውስጥ ማመልከቻ እየጻፍኩ፣ ፎቶ ኮፒ እያነሳሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። ጎረቤት መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተር ሲያስቸግራቸው «እስቲ እይልን» ብለው ያመጡልኛል። የብዙዎቹ ታሪክ ተመሳሳይ ነው፦ ኮምፒውተሩ ቀርፈፍ አለ፣ ባለሙያ ተጠርቶ ፎርማት አደረገው፣ ከዚያ ወዲህ «ስክሪኑ ተበላሸ»። ስክሪኑ ደህና ነው። የጠፋው የቪዲዮ ድራይቨሩ፣ ማለትም ዊንዶውስ የማሳያ ካርዱን የሚያሠራበት ፕሮግራም ነው።

ድራይቨሩ ሲጠፋ ዊንዶውስ ለየትኛውም ካርድ በሚሠራ የራሱ መጠባበቂያ ይነሳል። ለ1366 በ768 የተሠራ ላፕቶፕ በ1024 በ768 ወይም በ800 በ600 ይከፈታል፤ ከሬዞሉሽን መምረጫው ውስጥ ትክክለኛው ልክ ጭራሽ አይገኝም። ምስሉ ወደ ጎን ይለጠጣል፣ ጽሑፉ ይደበዝዛል። ጉዳዩ የዓይን ምቾት ብቻ አይደለም። ቡን ከቢ የሚለየው በቀኝ በኩል ያለችው ትንሽ ሰረዝ ከወገብ ወይም ከግርጌ መሆኗ ነው። በደበዘዘ ስክሪን የባለጉዳይ ስም አንድ ፊደል ከተሳተ፣ መታወቂያውና የመሬት ይዞታ ደብተሩ አይመሳከሩም፤ ገበሬው ከቀበሌው እንደገና ይመላለሳል።

ጥገናው ከባድ አይደለም። ዲቫይስ ማናጀር ተከፍቶ የማሳያ ካርዱ መለያ ይነበባል፤ የአምራቹ ቁጥር 8086 ከሆነ ኢንቴል፣ 1002 ከሆነ ኤኤምዲ ነው። ከዚያ የካርዱን ድራይቨር አውርዶ መጫን ነው። እኛን የሚያቅተን ማውረዱ ነው። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ድራይቨር የሚገኘው ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅ ወይም ጎንደር የሚሄድ ሰው በፍላሽ እንዲያመጣ ተለምኖ ነበር፤ ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ መንቀርፈፍ ፎርማት ማድረግ ትኋን ለማጥፋት ቤት ማቃጠል ነው እላለሁ። መጀመሪያ ድራይቨሩ ይውጣ። ዊንዶውስ 10 የተጫኑትን ድራይቨሮች ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ትእዛዝ በውስጡ አለው፤ ለዚህ ኢንተርኔት አይጠይቅም።

«የቆየ ድራይቨር ምን ይረባል?» የሚሉኝ አሉ። ለቆየ ማሽን የሚስማማው የቆየው ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የተሠሩትን አብዛኞቹን የኢንቴል ማሽኖች አይቀበልም። ወረዳ ላይ ያሉት አሮጌ ኮምፒውተሮች ግን ነገም የሚሠራባቸው ናቸው። አምራቾችም የቆዩ ድራይቨሮችን ከድረ ገጻቸው ያነሳሉ፤ ኢንቴል ይህን አድርጓል። ዛሬ ያልተቀመጠ ነገ ኢንተርኔት ቢኖርም ላይገኝ ይችላል።

መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተር ሲገዙ ድራይቨሩን በፍላሽ መረከብ በጨረታ ሰነዱ ላይ ይግባ። ፍላሹ የሞዴሉ ስም ተጽፎበት እንደ ማንኛውም ዕቃ በንብረት ክፍል ይመዝገብ። ንብረት ክፍሉም ፍላሹ መኖሩን ሳያረጋግጥ ማንም ባለሙያ ማሽኑን ፎርማት እንዲያደርግ አይፍቀድ።