ቤት ሲታደስ ጓሮው አይረሳ

በከተማችን በደሴም ሆነ በታች በኮምቦልቻ በአሁኑ ጊዜ ቤቱን የሚያድስ ሰው ብዙ ነው። አንዱ የጭቃውን ግድግዳ አፍርሶ በብሎኬት ይተካል፤ ሌላው ያረጀውን ቆርቆሮ ይለውጣል፤ ሦስተኛውም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የተጎዳበትን በርና መስኮት እንደ አቅሙ ይጠግናል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ቤትን ማደስ ኑሮን ማደስ ነውና። ነገር ግን በዚሁ ሥራ መካከል አንድ ነገር ሲረሳ እናያለን። ይኸውም ቤቱ ሲያምር ግቢው መሞቱ ነው። ከደጃፍ እስከ አጥር ያለው መሬት በሲሚንቶ ይሸፈናል፤ ወይም በአጥሩ ሥር የኪራይ ክፍሎች ይደረደሩበታል፤ ጎመኑና ጌሾው የነበሩበት ስፍራ ደረቅ ወለል ሆኖ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው፣ ቤት በሚታደስበት ጊዜ ለጓሮ አትክልትና ለአንዲት የቤተ ሰብ በረንዳ የሚሆነው ቦታ ከሁሉ አስቀድሞ መለየት እንዳለበት ነው።

ይህ ጉዳይ የእኛንም ቤት ነክቶታል። ቤታችን በደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በዳገት ላይ የተሠራ አሮጌ ቤት ነው። ዘንድሮ እድሳቱ ሲጀመር አባቴ ጓሮውን በሙሉ አስተካክለው ሁለት የኪራይ ክፍሎች ሊሠሩበት አስበው ነበር። አያቴ ግን «ልጄ፣ አፈር የሌለው ግቢ ሰው አያሳድግም» ብለው ተቃወሟቸው። ነገሩ ብዙ ቀን አከራከረ። እኔም ከልጆች ሁሉ ታላቅ በመሆኔ ሐሳብህን ተናገር ተባልኩ፤ ያን ጊዜ በቤት የተናገርኩትን አሁን አስፋፍቼ ለአንባቢዎች አቀርባለሁ።

አንደኛው ምክንያት ምግብ ነው። ጎመንና ቃሪያ ከገበያ ይገዛ የለምን የሚል ሰው ቢኖር፣ የ2014 ዓ.ምን. ጥቅምትና ኅዳር ያስታውስ። ጦርነቱ በጥቅምት መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ በቆየ ጊዜ፣ በሰፈራችን ገንዘብ ያለውም የሌለውም እኩል ሆኖ ነበር፤ የሚሸጥ አልነበረምና። በዚያን ጊዜ ከጓሮው ጎመን የሚቀነጥስ ቤት ለራሱ በልቶ ለጎረቤቱ አካፈለ። እኔ ያን ጊዜ ልጅ ብሆንም፣ አንዲት እናት በነጠላቸው ጥግ ቋጥረው ያመጡልንን ጎመን አልረሳውም። እንዲህ ያለ ክፉ ቀን ዳግመኛ እንዳይመጣ እንመኛለን፤ ሆኖም በደኅናው ቀንም ቢሆን ከደጅ የሚቀነጠስ ቅጠል የእናቶችን የገበያ ወጪ ያቃልላል።

ምን እንደሚተከል ግን አገሩ ይወስናል። ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በከፍታ ግን ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻም 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በጂኦግራፊ ትምህርታችን እንደ ተማርነው፣ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ በሁለቱ ከተሞች መካከል 4 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ስለዚህ ደጋው ደሴ ለጎመን፣ ለድንች፣ ለካሮት፣ ለቀይ ሥር፣ ለነጭ ሽንኩርትና ለኮክ ይስማማል፤ ወይና ደጋው ኮምቦልቻ ደግሞ ለፓፓያ፣ ለማንጎ፣ ለሎሚ፣ ለዘይቱንና ለቲማቲም ይመቻል። የኮምቦልቻ ዘመዱን ፓፓያ አይቶ ያንኑ ደሴ አምጥቶ የሚተክል ሰው ድካሙን በብርድ ያጣል። ጤና አዳም፣ በሶብላና ጠጅ ሳር ግን ለሁለቱም ይሆናሉ፤ እነርሱ የሌሉበት ጓሮ የወሎ ጓሮ አይባልም።

ሁለተኛው ምክንያት ውሃ ነው። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች የዳገት ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ አገር ሁሉም ሰው ከአንዱ ጎረቤት በላይ፣ ከሌላው ጎረቤት በታች ይኖራል። እኔ ግቢዬን ሁሉ በሲሚንቶ ብሸፍነው፣ በጣራዬና በግቢዬ የወረደው የሐምሌ ዝናብ የሚሄደው ወደ ታችኛው ጎረቤቴ ግድግዳ ነው፤ እርሱም እንደ እኔ ቢያደርግ ጎርፉ እየተደራረበ ወደ መንገዱ፣ ከዚያም ወደ ቦርከና ይወርዳል። ስለ ኮምቦልቻ ጎርፍ ስናወራ ከላይ ያለነውን እኛን መርሳት አይገባንም።

ይህንኑ ውሃ መጠቀም ይቻላል፤ ሒሳቡም ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። እንግዲህ 60 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የቆርቆሮ ጣራ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 600 ሊትር፣ ማለት ሦስት በርሜል ሙሉ ነው። ከፊሉ ቢባክን እንኳ የቀረው ለአነስተኛ ጓሮ ለብዙ ቀን ይበቃል። በአገራችን ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብም ስለሚጥል፣ አሸንዳና በርሜል ያለው ቤት በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠቀማል። ነገር ግን ማስጠንቀቂያ አለ። ደሴ የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋት ከተማ ስለ ሆነች፣ ውሃ በዳገት ላይ እንዲቋር ማድረግ አደገኛ ነው። ስለዚህ ጓሮው እንደ ገበሬው ማሳ በእርከን ተከፍሎ፣ የተረፈውን ውሃ ወደ መንገዱ ቦይ የሚያወርድ መፍሰሻ ሊኖረው ይገባል። በኮምቦልቻ ደግሞ የወባ ትንኝ እንዳትራባ በርሜሉ ሁሉ ክዳን ይኑረው።

ሦስተኛው ምክንያት የቤተ ሰብ ፍቅር ነው፤ የበረንዳውም ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። በዱሮ ቤቶቻችን መደብ ነበር፤ ሽማግሌው ይቀመጥበታል፣ እንግዳው ያርፍበታል። አዲሱ ቤት መደቡን አፍርሶ በምትኩ ሶፋ አገባ፤ ሶፋውም ፊቱን ወደ ቴሌቪዥን አዞረ። እያንዳንዳችንም ስልካችንን ይዘን በየጥጋችን ተቀመጥን። በረንዳ ማለት እንግዲህ መደቡን ወደ ደጅ አውጥቶ መመለስ ነው። ቡና ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ፣ በዒድም ሆነ በፋሲካ ጎረቤት ተጠራርቶ ሲመጣ፣ ተማሪው ሲያጠና፣ አረጋዊት አያት ፀሐይ ሲሞቁ፣ ሁሉ በአንድ ስፍራ ይሆናል። አትክልቱም ከፊታቸው ስላለ ማን እንዳጠጣ ማን እንዳላጠጣ ይታወቃል።

የበረንዳው አቅጣጫ ግን ሊታሰብበት ይገባል። በደሴ ጦሳ በምዕራብ በኩል ስለሚጋርደን ፀሐይ ቶሎ ትጠልቃለች፤ ስለዚህ በረንዳው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ የጧቱን ፀሐይ ቢቀበል ይሻላል። በኮምቦልቻ ግን የሚፈለገው ጥላ ነውና፣ ከከሰዓት በኋላው ፀሐይ ተከልሎ የወይን ሐረግ ቢወጣበት መልካም ነው።

ይህ ሁሉ ለምን በእድሳቱ ጊዜ ይሁን ቢሉ፣ መልሱ ግልጽ ነው። ግንበኛውና አናጢው በግቢው ውስጥ አሉ፤ መሬቱ ተቆፍሯል፤ ከፈረሰው ግድግዳ የወጣው ድንጋይ ለእርከኑ ካብ ይሆናል፤ ለአርማታ ማቀፊያ የዋለው ጣውላም ተጠርቦ ለበረንዳው ወለል ያገለግላል። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ሲሚንቶውን ለማፍረስ የሚደፍር የለም። ከሁሉ በፊት መደረግ ያለበት የላዩን ለም አፈር ገፎ በአንድ ጥግ ማከማቸት ነው። ብዙ ጊዜ ሠራተኞች አሸዋና ሲሚንቶ የሚያቦኩት በዚያው ምርጥ አፈር ላይ ስለሆነ፣ በኋላ የተተከለው ሁሉ ይጠወልጋል።

በረንዳውን በተመለከተ 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ወለል ለአንድ ቤተ ሰብ ይበቃል። ቋሚዎቹ መሬት ውስጥ ከሚቀበሩ ይልቅ በድንጋይ መሠረት ላይ ቢቆሙ ከእርጥበትና ከምስጥ ይድናሉ። እንጨቱን የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ሆኖም ከሚበላ አትክልት አጠገብ አፈሩን ስለሚበክል ባይደረግ ይመረጣል። በጣውላና በጣውላ መካከልም ዝናቡ የሚያልፍበት ቀጭን ክፍተት ይተው። ባሕር ዛፍ ለጣውላነት ጥሩ ነው፤ በጓሮ መትከል ግን ውሃውን ሁሉ ስለሚጠጣ ለጎመኑ ጠላት ማስገባት ነው።

አሁን የሚቃወሙኝን ልስማ። ከሁሉ የሚከብደው የአባቴ ክርክር ነው። «ጎመን የትምህርት ቤት ክፍያ አይከፍልም፤ የኪራይ ቤት ግን በየወሩ ይከፍላል» ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ኑሮ በተወደደበት በዚህ ዘመን አባትን በኪራይ ሐሳብ የሚወቅስ ልጅ የቤቱን ወጪ አያውቅም። እኔም ኪራይ ይቅር አላልኩም። ያልኩት ሁሉም ቦታ ለኪራይ አይሁን ነው። ሁለተኛው ክፍል የሚያስገባው ገንዘብ አለ፤ ነገር ግን ተከራዩም ቢሆን ልብሱን የሚያሰጣበት፣ ልጁን የሚያጫውትበት ቦታ ይፈልጋል። ታናናሾቼም አንዴ መንገድ ላይ መጫወት ከለመዱ በኋላ በኪራዩ ገንዘብ ወደ ግቢ አይመለሱም። ሌሎች ደግሞ «ግቢያችን ጠባብ ነው» ይላሉ። ለእነዚህ የምመልሰው፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለው መደብ በአጥሩ ሥር ቢወጣ፣ በአሮጌ ጎማና በጆንያም ቢሆን ቢተከል፣ ደጃፉም ሁለት ሰው በሚያስቀምጥ ወለል ቢሠራ ሐሳቡ ተፈጸመ ማለት ነው።

በእኛ ቤት ነገሩ በሽምግልና አለቀ። አንድ የኪራይ ክፍል ይሠራል፤ የቀረው 4 ሜትር በ5 ሜትር መሬት ለጓሮ፣ ከእርሱ በላይ ያለውም ለበረንዳ ተለይቷል። አፈሩ በላስቲክ ተሸፍኖ ክረምቱን ይጠብቃል። አያቴ የጤና አዳሙን ቦታ በበትራቸው አስምረዋል፤ አባቴም ሳቅ እያሉ የኮኩን ቦታ መርጠዋል።

እንግዲህ ውድ ተማሪዎች ሆይ፣ በየቤታችሁ ግንበኛ በተጠራ ቀን አፋችሁን ዘግታችሁ አትቀመጡ። ሜትር ይዛችሁ ውጡ፤ ፀሐይ በየት እንደምትመጣ፣ ውሃ በየት እንደሚወርድ አሳዩ፤ ለወላጆቻችሁም በአክብሮት አስረዱ። በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ ወዲህ በየክረምቱ ወደ ተራራ ወጥተን ችግኝ እንተክላለን። በተራራ ላይ የምንተክለውን ያህል በደጃችን የማንተክል ከሆነ ሥራችን ግማሽ ነው። ሲሚንቶ ለመድፋት አንድ ቀን ይበቃል፤ አፈርን መልሶ ለማግኘት ግን ብዙ ዓመት ያስፈልጋልና፣ ከመድፋታችን በፊት እናስብ።