ኦሪጅናሉን ነው ኖርማሉን?

መርካቶ ገብታችሁ «የቲቪ ገመድ ፈልጌ ነበር» ስትሉ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ወንድሜ፣ ኦሪጅናሉን ነው ኖርማሉን?» የሚል ነው። እንግዲህ ሰው ፊት ቆሞ «ኖርማሉን» ብሎ የሚመልስ ጀግና ማን አለ? ሁላችንም «ኦሪጅናሉን» እንላለን። ጫፉ ወርቅማ፣ ሽፋኑ የተሸረበ፣ ካርቶኑ የሚያምር ገመድ ይሰጠናል፤ ከፍለን እንወጣለን። እኔን የሚገርመኝ ግን ያልተጠየቀው ጥያቄ ነው፦ «ቤትህ ያለው ቲቪ ምን ዓይነት ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ የምናውቀው ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው ገመድ (ኤቪ የምንለው) አናሎግ ነው። ቢጫው ምስሉን፣ ቀይና ነጩ ድምፁን ይሸከማሉ። በእኛ አገር በሚሠራበት የፓል ሥርዓት ቢበዛ 576 መስመር ምስል ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነው ኤችዲኤምአይ ደግሞ ዲጂታል ነው፤ ምስሉንም ድምፁንም በአንድ ገመድ፣ በቁጥር መልክ ይወስዳል። ሙሉ ኤችዲ የሚባለው ምስል 1920 በ1080 ነጥብ ነው። የድሮው 720 በ576 ነው። ሒሳቡን ሥሩት፤ አምስት እጥፍ ነው!

አሁን ወደየቤታችን እንግባ። ግድግዳው ላይ ሃምሳ ኢንች ፍላት ተሰቅሏል። ከሥሩ ባለኤችዲ ሪሲቨር ተቀምጧል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ግን ከሪሲቨሩ ካርቶን የወጣው ባለሦስት ቀለም ገመድ ነው። ዲሽ ሠሪው ቸኩሎ ሰክቶት ሄደ፤ የቤቱ ሰው ከዚያ ወዲህ ደብዛዛ ኳስ ያያል። ኳሷ የት እንዳለች ለማወቅ የተጫዋቾቹን ዓይን መከተል ነው! ለዚህ ቤት መልሱ ኤችዲኤምአይ ነው፤ ክርክር የለውም።

የትኛው ኤችዲኤምአይ? እኔ ርካሹን እላለሁ። ዲጂታል መልእክት ወይ ይደርሳል፣ ወይ አይደርስም። ገመዱ ሲያቅተው ምስሉ ላይ ነጠብጣብ ይረጫል፣ ይቆራረጣል፣ ወይም ጭራሽ ይጠፋል። «ትንሽ ቀለሙ ደበዘዘ» የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ለአንድና ለሁለት ሜትር፣ በትክክል የሚሠራ ርካሽ ገመድና ውዱ ገመድ የሚያሳዩት ያንኑ ምስል ነው። ወርቅ ቅቡ ዝገት ይከላከል ይሆናል እንጂ ቀለም አይጨምርም። ገመዱ ዐሥር ሜትር ገደማ ሲረዝም ወይም ቲቪው 4ኬ ሲሆን ግን ጥራት ላይ መጨከን ተገቢ ነው። ደግሞም ጣቢያው ራሱ በዝቅተኛ ጥራት ካሰራጨ የትኛውም ገመድ አያድነውም። ውሃው ድፍርስ ከሆነ ቧንቧውን በወርቅ ብትለብጡት አይጠራም።

«ታዲያ ኤቪን እንጣለው?» የሚል ይኖራል። የለም! ጀርባው ገፋ ያለው የድሮው ቲቪ ቤቱ ላለ ሰው ያ ገመድ በቂው ነው። ኤችዲኤምአይ መቀየሪያ ገዝቶ ቢሰካበት እንኳ ቲቪው ከአቅሙ በላይ አያሳይም፤ መቀየሪያው የሚጠቅመው ሪሲቨሩ የኤቪ ቀዳዳ ከሌለው ብቻ ነው። አናሎግ ሌላም ጸጋ አለው፤ ሲጎዳ ይደበዝዛል እንጂ ድንገት ጥሎን አይጠፋም። ኤችዲኤምአይ ግን ስስ ነው። ብዙ ቤታችን ሶኬቱ ግራውንድ የለውም፤ መብራቱም ሄድ መጣ ይላል። ዕቃው እየሠራ ገመዱን ነቅሎ መሰካት ቀዳዳውን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ያኔ ወጪው የገመድ ሳይሆን የቦርድ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱንም ከሶኬት ንቀሉ፤ ከዚያ ገመዱን ሰክታችሁ አብሩ።

ይሄን ሁሉ የምለው ለገመድ ተቆርቁሬ አይደለም። ተቆጥቦ፣ ዕቁብ ተጥሎ ቲቪ የሚገዛ ቤተሰብ አለ። በወርቅማ ጫፍ የሚወሰድበት ትርፍ ብር ለሱ የልጅ ደብተር ነው። ነጋዴው ሁሉ አታላይ ነው እያልኩም አይደለም፤ ብዙው አስመጪው የነገረውን ነው የሚነግረን።

መፍትሔው ደግሞ እዚያው መርካቶ አለ። አምፖል ስንገዛ ሻጩ ራሱ ሰክቶ፣ አብርቶ ያሳየን የለም? ካልበራ አንገዛም፤ እሱም አይቀየምም። ገመዱንስ ለምን እንዲሁ አናደርግም? ሱቁ ውስጥ በርቶ የሚውል ቲቪ አይጠፋም። «ሁለቱን እያፈራረቅክ አሳየኝ» በሉት። ልዩነት ካያችሁ ኦሪጅናሉን ግዙ፤ ይቅናው። ካላያችሁ ግን ሳታፍሩ «ኖርማሉን ጠቅልልልኝ» በሉ።

ቸር ይግጠመን!