አንድ መስመር፣ ሁለት ስም

ጄነራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1989 «ጂኦ» በሚል አዲስ ስም ርካሽ መኪኖችን ለአሜሪካ ገበያ አቀረበ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ በ1997 ተሰረዘ። ይህ ታሪክ ለእኔ ከመኪና ታሪክነቱ ይልቅ የፖለቲካ ታሪክነቱ ያመዝንብኛል።

ነገሩ ቀደም ብሎ ይጀምራል። በ1981 ጃፓን ወደ አሜሪካ የምትልከውን መኪና በዓመት በ1.68 ሚሊዮን ለመገደብ «በፈቃዷ» ተስማማች። ፈቃድ ይሉታል እንግዲህ! ኮታው ግን የጃፓንን መኪና አላስቀረም፤ ኩባንያዎቹ እዚያው አሜሪካ ገብተው እንዲያመርቱ ገፋፋቸው። ጄነራል ሞተርስም በ1982 የዘጋውን የካሊፎርኒያውን የፍሪሞንት ፋብሪካ በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና፣ «ኑሚ» በሚል ስም ከፈተው።

ያ ፋብሪካ ከመዘጋቱ በፊት ከሥራ በሚቀረው ሰው ብዛትና በምርቱ ጉድለት ስሙ የጠፋ ነበር። ጥፋቱም ይላከክ የነበረው በሠራተኛውና በማኅበሩ ላይ ነው። ሆኖም ኑሚ መጀመሪያ ከቀጠራቸው አብዛኞቹ እነዚያው የተሰናበቱት ሠራተኞች ነበሩ፤ ማኅበራቸውም አልፈረሰም። የተለወጠው አሠራሩ ነው። እንከን ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ገመድ ስቦ የማምረቻ መስመሩን እንዲያስቆም ተፈቀደለት። ብዙም ሳይቆይ የፍሪሞንት ምርት በጥራቱ ከጃፓኑ ጋር የሚወዳደር ሆነ። «ሠራተኛው ሰነፍ ነው» ለሚል አስተዳዳሪ ከዚህ የከፋ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ከዚሁ ፋብሪካ ጂኦ ፕሪዝምና ቶዮታ ኮሮላ ጎን ለጎን ይወጡ ነበር። (ኮሮላን ለአዲስ አበባ አንባቢ ማስተዋወቅ አይጠበቅብኝም።) በቅርጽ መጠነኛ ልዩነት ቢኖራቸውም መሠረታቸው አንድ ነው። ገዢው ግን ኮሮላውን መረጠ፤ ያገለገለ ፕሪዝምም ከኮሮላው በረከሰ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ብዙዎች ይህን የገዢ አለማወቅ ያደርጉታል። እኔ አይመስለኝም። ጂኦ የሚሸጠው በሼቭሮሌ መሸጫዎች ነበር፤ በ1970ዎቹ በዝገትና በሞተር ብልሽት የታወቀውን ቬጋን የሸጠውም ሼቭሮሌ ነው። ገዢው ይህን አልረሳም፤ አዲሱ ስም የማን እንደሆነም ያውቃል።

የቀሩት ጂኦዎችም ከሱዙኪና ከኢሱዙ የተገኙ ነበሩ። ስሙ ሲሰረዝ ከቀሩት ሞዴሎች ሜትሮ እስከ 2001፣ ፕሪዝም እስከ 2002 ሼቭሮሌ ተብለው ተሸጡ። ኩባንያው በፍሪሞንት ያየውን አሠራር ወደ ሌሎች ፋብሪካዎቹ ለማዛመት ረጅም ዓመታት ፈጁበት፤ በ2009 ኪሳራ አውጆ ከሽርክናው ወጣ። ቶዮታም በ2010 ፋብሪካውን ዘጋው፤ ሕንፃውን ቴስላ ገዛው።