ትንሹም ክለብ ወንበር ይኑረው

ወላጆች፣ ልጃችሁ ቼዝ ይወዳል እንበል። የሰፈራችሁ ክለብ ግን ያሉት ልጆች አምስት ብቻ ናቸው፤ ሊጉ ደግሞ በአንድ ግጥሚያ ስምንት ተጫዋች ይፈልጋል። በብዙ ሊጎች ባዶ ሰሌዳ እንደ ሽንፈት ይቆጠራል። ስለዚህ ገና አንድ ወታደር ሳይንቀሳቀስ 3 ለ 0 ተመሩ ማለት ነው። ከአምስቱ አራቱ ቢያሸንፉ እንኳ ውጤቱ 4 ለ 4፣ አቻ! እንዲህ እየሆነ ልጅ ስንት ሳምንት ይታገሣል?

መላ ግን አለው። በቼዝ ኦሊምፒያድ አንድ አገር እንኳ በየዙሩ የሚያሰልፈው 4 ተጫዋች ነው። ድልድሉም በ1895 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ላይ በተጀመረው የስዊስ ዘዴ ነው፤ ያሸነፈ ካሸነፈ፣ የተሸነፈ ከተሸነፈ ይገናኛል፣ ተሸንፎ የሚባረር የለም። የእናንተም ሊግ ለታችኛው ምድብ «አራት ሰሌዳ ይበቃል» ቢል፣ አምስት ልጅ ያለው ክለብ ሙሉ ቡድን ይዞ ይመጣል፤ አንድ ተቀያሪም ይተርፈዋል።

የሊጉ ስብሰባ ሲጠራ ታዲያ «ቋንቋዬ አይበቃም» ብላችሁ እንዳትቀሩ። የልጆቹን ውጤት በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ልጆች፣ እናንተም አብራችሁ ሂዱ። ማስተርጎሙንስ ከእናንተ የተሻለ ማን ያውቅበታል?