አንዲት ጭረት ባልንጀሮችን አኳረፈች!

ከአሶሳ የተላከ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ «ስሜ ይቆይ» ብላለች፤ ይቆይላት። ከልጅነት ባልንጀራዋ ጋር ገንዘብ አዋጥተው የልብስ ስፌት ቤት ከፈቱ። ታፔላውም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ ተሰቀለ። በእንግሊዝኛው ላይ ግን አፖስትሮፊ ኤስ የተደረገው ለሁለተኛዋ ስም ብቻ ሆነና አረፈው! ስሟ ቀድሞ የተጻፈው ባልንጀራ «ታዲያ እኔ አጃቢ ነኝ እንዴ?» ብላ አኮረፈች። ይኸው ሁለት ሳምንታቸው፣ አይነጋገሩም። «ጥፋቱ የማን ነው?» ትላለች እህታችን።

የማንም አይደለም እህቴ። ታፔላ ጸሐፊው ልክ ነው! (ቀሪ ሒሳቡን ይዛችሁበት ከሆነ ስጡት።) እንግሊዝኛ አንድን ንብረት ሁለት ሰዎች በጋራ ሲይዙት ምልክቷን ከመጨረሻው ስም ላይ ብቻ ያስቀምጣታል። «እከሊት ኤንድ እገሊትስ ሾፕ» ከተባለ ሱቁ አንድ፣ ባለቤቶቹ ሁለት ናቸው። ኤሷ ለሁለቱም ታገለግላለች። ጉዱ የነበረው ለሁለቱም ብትለጠፍ ነው! «እከሊትስ ኤንድ እገሊትስ ሾፕስ» ማለት እኮ እያንዳንዷ የራሷ ሱቅ አላት ማለት ነው። በዚያው በክልላችሁ የበርታና የጉሙዝ ቋንቋዎች የየራሳቸው ስለሆኑ በእንግሊዝኛ ሁለቱም ስሞች ምልክቷን ያገኛሉ። «የእኔ» የሚል ከገባበት ብቻ ነገሩ ይለወጣል፤ ሱቁ አንድ ቢሆንም «እከሊትስ ኤንድ ማይ ሾፕ» ይባላል።

ባልንጀራሽም አይፈረድባትም። የእኛ «የ» ከፊት ስለምትመጣ የመጀመሪያዋ ስም አታጣትም። ግን «የእከሊትና እገሊት ሱቅ» ስንል «የ» ያጣችው ሁለተኛዋ መች አኮረፈች? «የእከሊትና የእገሊት» ብንልም የጋራ ይሁን የየግል ቃሉ ብቻውን አይለይልንም።

እኔን ያሳሰበኝ ታፔላው ሳይሆን ውላችሁ ነው። «የእከሊትና የእገሊት የስፌት መኪናዎች» ብላችሁ ተፈራርማችኋል። አንዷን መኪና ደግሞ ከእናትሽ ቤት ያመጣሻት አንቺ ነሽ፤ ሌላዋ ናት በጋራ የተገዛችው። ወረቀቱ ይህን የት ተናገረ? በኩርፊያ እንዲህ ከቀጠላችሁ «ሁለቱም እኩል ይካፈሉ» የሚል ሰው አይጠፋም። ስለዚህ «ይህች የእከሊት ብቻ፣ ያቺ የሁለታችን እኩል በእኩል» ብላችሁ መኪናዎቹን አንድ በአንድ ጻፉና ምስክር ፊት ፈርሙ።

ይህን ጋዜጣም ይዘሽላት ሂጂ። ቡናውን ግን አንቺ አፍዪ፤ መጀመሪያ የተከፋችው እሷ ናት።