መድኃኒት የማይታዘዝለት የደም ለውጥ

አንድ የሶፊ አርሶ አደር የቀን ሥራውን ትቶ፣ የመኪና ከፍሎ ሐረር ከተማ ሆስፒታል ደረሰ እንበል። ሐኪሙ «ደምዎ ውስጥ አንድ ዓይነት ፕሮቲን በዝቶ ታይቷል፤ መድኃኒት ግን አያስፈልግዎትም፤ ከስድስት ወር በኋላ ይመለሱ» ቢሉት ይመለስ ይሆን? ብዙዎቻችን መርፌ ወይም ኪኒን ሳይሰጠን ከወጣን እንዳልታከምን እንቆጥራለን። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ሕክምናው ክትትሉ ራሱ ነው እንላለን።

በአጥንት መቅኔ የሚገኙ ፕላዝማ ሴሎች ልዩ ልዩ አንቲቦዲዎችን ያመርታሉ። ከአንዲት ሴል የተራቡት ብቻ ሲበዙ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ በደም ውስጥ ይከማቻል። አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ካይል እ.ኤ.አ. በ1978 ይህን ሁኔታ «ኤምገስ» በሚል አጭር መጠሪያ የሚታወቀውን ስም ሰጡት። ፕሮቲኑ በሊትር ከ30 ግራም፣ በመቅኔው ያሉት ፕላዝማ ሴሎችም ከ10 በመቶ በታች ከሆኑ፣ አጥንትና ኩላሊትም ካልተጎዱ፣ ካንሰር አይባልም። ሆኖም ከ100 ሰዎች በየዓመቱ አንዱ ገደማ መልቲፕል ማየሎማ ወደሚባለው ካንሰር ወይም ወደ ተዛማጅ በሽታ ይሸጋገራል። ከ20 ዓመት በኋላም አደጋው አይጠፋም። ይሁንና አብዛኞቹ ካንሰሩን ሳያዩ ዕድሜያቸውን ይፈጽማሉ።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ኤምገስ በጋና ወንዶች ላይ ከነጭ አሜሪካውያን ወንዶች በእጥፍ ገደማ እንደሚበዛ አሳይቷል። በ2009 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአሜሪካ ፀረ ተባይ በሚረጩ ሰዎች ላይ ተቀራራቢ ብልጫ አግኝቷል። ግንኙነት መታየቱ ምክንያትነትን አያረጋግጥም፤ ነገር ግን በሐረርጌ የጫት ማሳ ላይ ፀረ ተባይ ሲረጭ ለሚውል ወጣት ጓንትና ጭንብል እንዲያደርግ ለመንገር ይህ ይበቃል።

ሕዝቡ በሙሉ ይመርመር አንልም፤ ከ80,000 በላይ ሰዎች የተመዘገቡበት የአይስላንድ ጥናት እንኳ የጅምላ ምርመራ ይጠቅም እንደሆነ ለመለየት የተጀመረ ነው። የምንጠይቀው ለተገኘበት ሰው ነው። ፕሮቲኑን ለይቶ የሚለካው መሣሪያ በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ሄሞግሎቢንን፣ ካልሲየምንና የኩላሊትን ሥራ መለካት ግን ያን ያህል አያስቸግርም። ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው ካለፈው ጋር ሲነጻጸር ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ውጤት ቅጂ በባለቤቱ እጅ ይቀመጥ። ለሶፊ ሰው ይህን በኦሮምኛ የሚያስረዳ ባለሙያም ከመሣሪያው አያንስም። የማይለቅ የጀርባ ሕመም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ድካም ወይም ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ከመጣ ቀጠሮው እስኪደርስ እንዳይጠበቅ አብሮ ይነገረው።