ሊንክ መላክ ማሠልጠን አይደለም

በቴሌግራም ግሩፕ አንድ ሊንክ ይለቀቃል። ሁሉም ባለሙያ ሥልጠናውን እስከ አርብ አጠናቆ ሰርተፍኬቱን እንዲያስገባ የሚያዝ መልእክት ይከተለዋል። ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ይህን መልእክት ያውቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውንም ያውቀዋል። ኔትወርክ ይይዛል የተባለ ቦታ ይፈለጋል። ቪዲዮው እየቆመ እየሄደ ይታያል። እንግሊዝኛ የሚቀናው አንድ ወጣት ባልደረባ የሦስት የአራት ሰው ፈተና ይሠራል። ሰርተፍኬቱ ታትሞ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ሪፖርቱም ሁሉም ሠልጥነዋል ይላል። ሰኞ ዕለት ሥራው ባለፈው ሳምንት እንደነበረው ይቀጥላል።

ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት እስከ ዞን ድረስ አንድ እምነት ሰፍኗል፤ ሥልጠና ኦንላይን ከሆነ ለሁሉም ደርሷል የሚል። ይህ እምነት የተሳሳተ ነው። ለገጠር ወረዳ ባለሙያ ደግሞ ጎጂ ነው፤ ያልደረሰውን ትምህርት እንደ ደረሰው አድርጎ ስለሚመዘግብበት፣ ነገ ችግር ሲፈጠር “አልሠለጠንኩም” የማለት መብቱን እንኳ ይነጥቀዋል።

ምሥራቁን ደቡብ ጎንደር የሚያውቅ ሰው ስለ መሬቱ ብዙ አይነገረውም። ከ4,100 ሜትር በላይ ከሚደርሰው ከጉና ተራራ ተነሥቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ከወረታ ወልድያ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያለችው ነፋስ መውጫና የስማዳ ቆላ ቀበሌ በአንድ ዞን ሥር ቢሆኑም ኔትወርክ፣ መብራትና ትራንስፖርት እኩል አያገኙም። በዚህ ላይ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት በከተሞች መመለስ የጀመረው አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ የተባለው መርሐ ግብር ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር ይፋ የሆነውም ልክ በዚያው ሰሞን፣ ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። ፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ትንተና፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ በነፃ መማር መልካም ዕድል ነው፤ ይህን አልክድም። ችግሩ ቁጥሩ ከትምህርቱ መቅደሙ ነው። ክልሎችና ዩኒቨርሲቲዎች የሚያወዳድሩት ስንት ሰው እንዳስመዘገቡና ስንት ሰርተፍኬት እንደወጣ ነው። ሰርተፍኬቱን የያዘው ሰው ምን መሥራት እንደቻለ ግን ሲነገር አንሰማም።

በሌላው ዓለም ያለውን ብናይ ይህ ቁጥር ይበልጥ ያጠራጥራል። ሃርቫርድና ኤምአይቲ በጋራ በመሠረቱት ኤድኤክስ ላይ የተሰጡ ኮርሶችን የመረመረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጥቷል። ጥናቱ በሸፈነው የመጨረሻ ዓመት ከ100 ተመዝጋቢዎች ኮርሱን የጨረሱት 3 ገደማ ብቻ ናቸው። እነዚያ ሰዎች ፈልገው የገቡ ናቸው፤ ሲሰለቻቸው ወይም ሲከብዳቸው ይተዋሉ። የወረዳ ባለሙያ ግን መተው አይችልም። ስለዚህ እሱ ዘንድ ቁጥሩ መቶ በመቶ ይሆናል፤ ያ መቶ በመቶ የሚነግረን ትእዛዝ መከበሩን ብቻ ነው።

ኦንላይን ሥልጠና ወጪ ይቆጥባል ይባላል። ድሮ ሠልጣኙ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ይጠራ፣ የአዳራሽ ኪራይ፣ አበልና ትራንስፖርት ይከፈል ነበር። ያም ቢሆን ጉድለት ነበረበት፤ ለአበል ሲባል ብቻ የተጠራ ሥልጠና ያላየ ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም። ግን አሁን ወጪው የት ሄደ? ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዳታ የምትገዛው ከደመወዟ ነው። ስልኩ የራሷ ነው። ጊዜው ከቤት ለቤት ጉብኝቷ ወይም ከእንቅልፏ የሚቀነስ ነው። በበጀት ሰነዱ ላይ ቁጠባ የተባለው ከአሠሪው ትከሻ ወደ ሠራተኛዋ ትከሻ የተሻገረ ሸክም ነው።

መንገዱ አስጊ ነው፣ አሠልጣኝ መላክ አይቻልም፣ ከኦንላይን ሌላ ምን አማራጭ አለ የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት አለው። እንዲያውም አንድ ተጨማሪ ምክንያት ልጨምርለት፦ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በአንድ ቀበሌ ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ የታሰበ ነው፤ አንዷ ለሳምንት ሥልጠና ስትጠራ የጤና ኬላው ሥራ ሁሉ በቀረችው ላይ ይወድቃል። ካለችበት ሳትነሣ መማር መቻሏ ትልቅ ነገር ነበር። እንግዲያው በርቀት ማሠልጠን ግድ ከሆነ፣ ትምህርቱ የተቆራረጠ ኔትወርክንና ትንሽ ስልክን አስቦ መሠራት ነበረበት። እየተላከልን ያለው ግን ለአዳራሽ የተዘጋጀው ስላይድና የሁለት ሰዓት ንግግር ራሱ ነው፤ የተለወጠው የሚቀመጥበት ቦታ ብቻ ነው።

አገራችን በዚህ መንገድ አንድ ጊዜ ሄዳለች። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ገባ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለአገሪቱ ሁሉ በአንድ ሰዓት ይለቀቅ ነበር። ተማሪው አልገባኝም ብሎ እጁን ቢያወጣ ስክሪኑ አያየውም፤ መምህሩም ስርጭቱን አስቁሞ ማስረዳት አይችልም ነበር። መብራት በጠፋ ቀን ትምህርቱ አመለጠ ማለት ነው። ያኔ በትምህርት ቤት ያየነው ችግር ዛሬ በሥራ ቦታ እየተደገመ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሆኖ፣ ባለሙያዋ እናቶችን የምታነጋግረው በአማርኛ ሆኖ፣ የምትሠለጥነው ግን በሌላ ቋንቋ ሲሆን መጀመሪያ የሚፈተነው እንግሊዝኛዋ ነው። የሙያ ዕውቀቷ ተራ አይደርሰውም።

ደግሞስ በዚሁ በደቡብ ጎንደር ያለው ጋይንት ምስክር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከማን ይማራል? ከቤተ ክርስቲያን ዜማ ትምህርት ቤቶች ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። ከሌላ አገር ድጓ ተምሮ የመጣ ሰው ሙሉ መምህር ለመባል ቤተ ልሔም ላይ ማስመስከር ነበረበት። ተማሪው በመምህሩ ፊት ያዜማል፤ መምህሩ የሳተውን እዚያው ያርመዋል፤ ተማሪው ያንኑ ደጋግሞ ተመልሶ ይመጣል። ምስክርነቱ የሚሰጠው ዜማው ከአፉ ሲወጣ ተሰምቶ ነው። ያ ሥርዓት ረጅም ዓመታት የሚፈጅ፣ ተማሪውን በችጋር የሚፈትን፣ ሴቶችን ያላካተተ ነበርና እንዳለ ይቀዳ አልልም። ነገር ግን ችሎታን በዓይንና በጆሮ ሳያረጋግጡ ምስክር አለመስጠት፣ ስህተትን ሳይውል ሳያድር ማረም የሚሉት ልማዶቹ ዛሬ የመማር ሳይንስ የሚያጸናቸው ናቸው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ ከአእምሯቸው እያወጡ ራሳቸውን የፈተኑት ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሰዋል። የእኛ ኦንላይን ሥልጠና ግን “ቀጥል” የሚለውን ቁልፍ እየነኩ ማለፍ ሆኗል።

ሥልጠናው አሳታፊ ይሁን ሲባል ደግሞ አዘጋጆቹ ጌጥ ይጨምራሉ፤ የሚንቀሳቀስ ካርቱን፣ ኮከብ፣ ነጥብ፣ ጭብጨባ። ለደከመች ባለሙያ ይህ ዳታ ከመጨረስ በቀር ምንም አይፈይድላትም። ሰው የሚነቃው የነገ ሥራው ሲነሣበት ነው። ከባድ የምግብ እጥረትን እንውሰድ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ድርቅ የደጋገማቸው፣ ሴፍቲኔት የገባባቸው ወረዳዎች ናቸው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ልኬት ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ ከባድ የምግብ እጥረት አለበት። ይህን ስላይድ ላይ ጽፎ አንብቡ ማለት ይቻላል፤ አሁን የሚደረገውም ይኸው ነው። ሥልጠናው ግን በሕፃኑ ክንድ ፎቶ ሊጀምር ይችላል። መለኪያው ክንዱ ላይ ነው፤ ቁጥሩን አንብባ የምትጽፈው ሠልጣኟ ናት። ቀጥሎ የእናትየው ድምፅ በአካባቢው አነጋገር ይሰማል፤ ልጄ ከትናንት ጀምሮ የቀመሰውን ሁሉ ያስመልሰዋል ትላለች። ፕላምፒ ነት ሰጥተሽ ወደ ቤቱ ትመልሺዋለሽ ወይስ ወደ ላይኛው ሕክምና ትልኪዋለሽ? መልሷ ከተሳሳተ ምክንያቱ ወዲያው ይነገራታል፤ የቀመሰውን ሁሉ የሚያስመልስ ሕፃን ተኝቶ መታከም አለበት። በሳምንቱ ጥያቄው በሌላ ሕፃን ተመልሶ ይመጣል። አሁን ክንዱ 11.7 ነው፤ ግን ሁለቱም እግሮቹ አብጠዋል። ቁጥሩን ብቻ የሸመደደች ትስታለች፤ የገባት አትስትም። ይህ ሁሉ ጥቂት ፎቶና የጥቂት ደቂቃ ድምፅ ነው። በመጨረሻ ሱፐርቫይዘሯ ጤና ኬላው ድረስ መጥታ ሠልጣኟ እውነተኛ ሕፃን ስትለካ ታያታለች፤ ሰርተፍኬቱ መሰጠት ያለበት ያኔ ነው።

ጨርሶ የተረሱ ሠልጣኞችም አሉ። ዓይነ ስውር መምህራን በየትምህርት ቤቱ ያስተምራሉ፤ ለእነሱ የሚላከው ሰነድ ግን ብዙ ጊዜ ስካን የተደረገ ፎቶ ነው፤ ጽሑፍ አንባቢ ሶፍትዌር አንድ ቃል አያነብላቸውም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ ሳለ ዛሬም በአሮጌው የቪዥዋል ግዕዝ አጻጻፍ የተዘጋጀ ሞጁል ስልክ ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ከቪዲዮ ሥር የአማርኛ ጽሑፍ ማስኬድ መስማት ለተሳነው ባለሙያ መብቱ ነው፤ ጫጫታ በሞላበት ቢሮ ያለ ጆሮ ማዳመጫ ለሚያየውም ይጠቅመዋል።

የጠየቅሁት ሰማይ የሚያህል ነገር አይደለም፤ አገር ውስጥ ተሠርቶ ታይቷል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. 8028 የተባለውን ነፃ የስልክ መስመር ጀመረ። አርሶ አደሩም የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክ ደውሎ ስለ እርሻ ሥራው በአማርኛና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች ምክር ይሰማል። ጤና ኤክስቴንሽኖች በታብሌት የሚጠቀሙበት የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓትም ኔትወርክ በሌለበት መዝግቦ፣ ኔትወርክ ሲገኝ እንዲልክ ሆኖ የተሠራ ነው። በነፃ የሚገኘው ሙድል የተባለው የማስተማሪያ ሶፍትዌር እንኳ ኮርሱን ስልክ ላይ አውርዶ ያለ ኔትወርክ ለመማር ይፈቅዳል። መረጃ ለመሰብሰብ ሲሆን የገጠሩን ሁኔታ ያሰብን፣ ሠራተኛዋን ለማስተማር ሲሆን የምንረሳበት ምክንያት የለም።

በክልልም በሚኒስቴርም ሥልጠና የምታጸድቁ ኃላፊዎች፣ ቀጣዩን ሊንክ ከመልቀቃችሁ በፊት ከስማዳ ሁለት፣ ከእስቴ ሁለት ባለሙያዎች በራሳቸው ስልክ እንዲሞክሩት አድርጉ፤ የት ላይ እንደቆሙ ጠይቋቸው፤ የቆሙበትን አስተካክሉ። የዳታውን ወጪ ክፈሉ። ለሥልጠናው ከሥራ ሰዓት ላይ ጊዜ መድቡ። ከሦስት ወር በኋላ ሰው ልካችሁ ሥራው ላይ የተለወጠውን እዩ። ያያችሁትን ሪፖርት አድርጉልን፤ እስከዚያ ግን ይህን ያህል ሺህ ሰው አሠለጠንን አትበሉን።